ስቲኩ ሲያስቸግር፦ ነቅሎ መሰካት፣ ካሽ ማጥፋት ወይስ ፋክተሪ ሪሴት?

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር የምትኖረው አክስቴ ደወለችልኝ። «ልጄ፣ ያ ከአሜሪካ የመጣው ነገር ሞተብኝ። እንግዶቼ ሳይመጡ ድረስልኝ» አለችኝ። ስደርስ ስቲኩ፣ ማለትም ቴሌቪዥኑ ላይ ተሰክቶ ዩቲዩብና ፊልም ከኢንተርኔት የሚያመጣው ትንሽ ዕቃ፣ አልሞተም ነበር። የልጅ ልጇ «ዩቲዩብ እምቢ ሲለኝ ሪሴት አደረግሁት» አለኝ። ቴሌቪዥኑ ላይ ኢሜይልና ፓስወርድ የሚጠይቅ ገጽ ተደቅኗል። አካውንቱ ደግሞ ስቲኩን በላከችው በአክስቴ ልጅ ስም ነው፤ እሷ ያለችው ዋሽንግተን ነው።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ነበር። እዚያ እኩለ ቀን ነው፤ ልጅቷ ሥራ ላይ ስለሆነች ስልክ አታነሳም። የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚላከው ወደ እሷ ስልክ ስለሆነ እኛ ጋ ያለው ሰው ሁሉ ቢሰበሰብ የሚፈይደው ነገር የለም። እስከ እኩለ ሌሊት ጠበቅን። ደውላ ቁጥሩን ከነገረችን በኋላ ስቲኩ «መጀመሪያ ልታደስ» አለና ማውረድ ጀመረ፤ የሳምንቱ ፓኬጅ እዚያው ላይ አለቀ። ሲነጋጋ፣ የመጀመሪያው ችግር ምን እንደነበር ልጁን ጠየቅሁት። ስልክ ቀይሮ ነበር፤ የአዲሱ ስልክ ሆትስፖት ስሙ ከአሮጌው ይለያል። ስቲኩ የሚያውቀውን ስም አጥቶ ነው ዝም ያለው። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር።

ለዘመድና ለጎረቤት እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን ሳይ ዓመታት ሆኖኛል። ሁልጊዜ የሚቀርብልኝ ጥያቄ «ሪሴት እንዴት ነው የሚደረገው?» የሚል ነው። አደራረጉን እዚሁ ጽፌዋለሁ። ነገር ግን ጎንደር ላይ፣ በስልክ ዳታ በሚኖር ቤት፣ መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ሰፈር፣ አካውንቱ ባሕር ማዶ ባለ ዘመድ ስም በሆነበት ሁኔታ ሪሴት ካሉት መፍትሔዎች ሁሉ ውዱ ነው። ስለዚህ አምስቱን መፍትሔዎች በየተራ እያወዳደርሁ ልንገራችሁ፦ ነቅሎ መሰካት፣ ቀኑንና ዋይፋዩን ማስተካከል፣ የአንድ አፕ ካሽ ወይም ዳታ ማጥፋት፣ ፋክተሪ ሪሴት (ዕቃውን እንደ አዲስ ባዶ ማድረግ)፣ በመጨረሻም ፍላሽ ማድረግ (ሲስተሙን ራሱን እንደገና መጫን)።

ሪሴት የሚነካውና የማይነካው

የስቲክም ሆነ የቦክስ (ያንኑ ሥራ የሚሠራው ሳጥን መሰል ዕቃ) ማስቀመጫ በዋናነት ሁለት ክፍል አለው በሉት። አንደኛው ሲስተሙ፣ ማለትም ዕቃውን የሚያንቀሳቅሰው ዋና ፕሮግራም፣ የተቀመጠበት ነው፤ ተጠቃሚው አይገባበትም። ሁለተኛው የእናንተ ነው፦ ያወረዳችኋቸው አፖች፣ አካውንቱ፣ የዋይፋይ ፓስወርዱ፣ የቋንቋ ምርጫው፣ ያያችሁት ቪዲዮ የት ላይ እንደቆመ ሳይቀር እዚያ ነው ያለው። ፋክተሪ ሪሴት ጠራርጎ የሚያወጣው ይህን ሁለተኛውን ክፍል ነው። የመጀመሪያውን አይነካውም።

ከዚህ የሚከተለውን ልብ በሉ። ሲስተሙ ባለፈው ዓመት ታድሶ ከነበረ ሪሴት ወደ አሮጌው አይመልሰውም፤ «ከእድሳቱ በኋላ ነው የከበደው» ለሚል ሰው ሪሴት የሚሰጠው እፎይታ ከፊል ነው። ከፋብሪካ ጀምሮ ሲስተሙ ውስጥ የተቀበረ ቫይረስ ካለም ሪሴት አያወጣውም። የኤሌክትሪክ ማነስ፣ ሙቀት፣ የደከመ የዋይፋይ አንቴና ያመጣው ችግር ደግሞ ከማስቀመጫው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ሪሴት የሚያድነው የእናንተ ክፍል ተጨናንቆ ወይም ተበላሽቶ የመጣን ችግር ብቻ ነው።

ነቅሎ መሰካት

ሪሞቱ ላይ ያለው የማጥፊያ ቁልፍ ስቲኩን አያጠፋውም፤ ያስተኛዋል እንጂ። ለሳምንታት እንዲህ ሲተኛና ሲነሳ የቆየ ዕቃ መንቀርፈፉ አይቀርም። ቻርጀሩን ከሶኬት ነቅላችሁ አንድ ደቂቃ ቆዩና መልሳችሁ ሰኩ። አካውንት አይጠፋም፣ ዳታ አይበላም፣ ቢሳሳቱ ጉዳት የለውም። ሶኬቱ ከቁም ሳጥን ጀርባ ሆኖ ካስቸገረ በሪሞትም ይቻላል። ፋየር ቲቪ በተባለው የአማዞን ስቲክ ላይ መሃለኛውን መምረጫና የማጫወቻውን ቁልፍ አንድ ላይ 5 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ነው። ሮኩ በተባለው ስቲክ ላይ ሆምን 5 ጊዜ፣ ወደ ላይ የሚያመለክተውን 1 ጊዜ፣ ቪዲዮ ወደኋላ ማጠንጠኛውን 2 ጊዜ፣ ቪዲዮ ወደፊት ማሳለፊያውን 2 ጊዜ በተከታታይ መጫን ነው፤ ከዚያ ትንሽ ይቆይና ራሱን አጥፍቶ ይነሳል።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር እዚህ ላይ አለ። ስቲኩ በየጊዜው በራሱ ጠፍቶ የሚነሳ ከሆነ ኤሌክትሪኩን ከየት እንደሚያገኝ ተመልከቱ። ለመመቸት ብለን የቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ ላይ እንሰካዋለን። ተራው የዩኤስቢ 2.0 ማስገቢያ የሚሰጠው ግማሽ አምፔር ነው፤ አብዛኞቹ ስቲኮች የሚፈልጉት 1 አምፔርና ከዚያ በላይ ነው። ዩቲዩብ ከፍተው ምስሉ ከፍ ባለ ጥራት ሲጀምር ኃይሉ ያንሰዋል፤ ያን ጊዜ ይጠፋል። ይህን ችግር አሥር ጊዜ ሪሴት ቢያደርጉት አይለቅም፤ ከራሱ ቻርጀር ጋር ግድግዳ ላይ ሲሰኩት በዚያው ያበቃል።

መብራት ሄዶ ሲመለስም የሚፈጠር አለ። ስቲኩ ከራውተሩ ቀድሞ ይነሳና ዋይፋይ ሲያጣ «ኔትወርክ የለም» ብሎ ይቀመጣል። ራውተሩ ተረጋግቶ ከተነሳ በኋላ ስቲኩን ብቻ ነቅሎ መሰካት ይበቃል።

ቀኑና ዋይፋዩ

ይህን ክፍል ረዘም አደርገዋለሁ፤ እኛ አገር ያለ አግባብ ሪሴት የሚደረጉ ዕቃዎች መነሻቸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነውና።

አዘዞ አንድ ሱቅ ውስጥ ያየሁት ቦክስ ነበር። ዋይፋዩ ተያይዟል፤ ምልክቱ ሙሉ ነው። ዩቲዩብ ግን «ግንኙነት የለም» ይላል። ባለሱቁ ሁለት ጊዜ ሪሴት አድርጎታል፤ ሁለቱንም ጊዜ ለአንድ ሰዓት ያህል ይሠራና ችግሩ ይመለሳል። እኔ ሴቲንግ ገብቼ ሰዓቱን ሳይ ዓመቱ 2017 ይላል። መብራት በሄደ ቁጥር ቦክሱ ቀኑን ይረሳል፤ ርካሾቹ ቦክሶች ሰዓት የሚጠብቅላቸው ባትሪ የላቸውም። ባለሱቁም ቀኑ ሲዛባበት በእጁ ያስተካክለዋል፤ የሚያስተካክለው ግን በእኛ አቆጣጠር ነው።

ችግሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ዩቲዩብም ሆነ ሌላ አገልግሎት ሲከፈት ቦክሱ የአገልግሎቱን የምስክር ወረቀት፣ ማለትም እውነተኛው አገልግሎት መሆኑን የሚያረጋግጥ ዲጂታል ማስረጃ፣ ይመረምራል። እያንዳንዱ የምስክር ወረቀት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። በፈረንጆቹ 2025 የተሰጠን የምስክር ወረቀት፣ «ዛሬ 2017 ነው» ብሎ የሚያምን ቦክስ ገና ያልጀመረ ወረቀት አድርጎ ይጥለዋል። ስለዚህ በሩን ይዘጋል፤ እኛ የምናነበው «ግንኙነት የለም» የሚለውን ብቻ ነው። ሪሴቱ ለአንድ ሰዓት ይሠራ የነበረው ቦክሱ እንደ አዲስ ሲነሳ ቀኑን ራሱ ከኔትወርክ ስለሚወስድ ነው። መፍትሔው ቀኑና ሰዓቱ ከኔትወርክ በራሱ እንዲመጣ ማድረግ፣ የሰዓት ቀጠናውንም የናይሮቢን ወይም የምሥራቅ አፍሪካን መምረጥ ነው። በእጅ መሙላት ግድ ከሆነ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በፈረንጆቹ ሰዓት ይሁን፤ የእኛ ማታ 2 ሰዓት ለቦክሱ 20 ሰዓት ነው።

ሁለተኛው የአክስቴ ቤት ችግር ነው፦ ዋይፋይ መቀየር። ስልክ ሲቀየር ወይም የሆትስፖቱ ፓስወርድ ሲለወጥ ስቲኩ ያገኘው የነበረውን ያጣል። ሪሞት ካለ ሴቲንግ ገብቶ አዲሱን መምረጥ ነው። ሪሞቱ ከጠፋ ደግሞ ሪሴት ሳይነካ የሚሠራ መላ አለ። የአዲሱን ስልክ ሆትስፖት ስምና ፓስወርድ ልክ እንደ አሮጌው አድርጉት። ትልቅና ትንሽ ፊደሉ፣ ክፍት ቦታው ሁሉ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ስቲኩ የቀድሞው ዋይፋይ የተመለሰ መስሎት ራሱ ይያያዛል። ከዚያ ስልክ ላይ የሚጫነውን የሪሞት አፕ መጠቀም ትችላላችሁ።

ሆትስፖቱ ጭራሽ የማይታይ ከሆነስ? ብዙዎቹ ርካሽ ቦክሶች 2.4 ጊጋኸርዝ የተባለውን የዋይፋይ ሞገድ ብቻ ነው የሚያዩት። አዳዲሶቹ ስልኮች ሆትስፖታቸውን በ5 ጊጋኸርዝ ሊያሰራጩ ይችላሉ። ስልኩ ላይ ወደ 2.4 መልሱት፤ ቦክሱ ያየዋል።

ካሽ ወይስ ዳታ

አንድ አፕ ብቻ ካስቸገረ፣ ሌላው ሁሉ ደህና ከሆነ፣ ዕቃውን በሙሉ መጥረግ አያስፈልግም። ሴቲንግ ውስጥ አፕስ የሚለውን ከፍታችሁ አፑን ምረጡ። ካሽ ማጥፋት ለጊዜው ያስቀመጠውን ትርፍራፊ ያወጣል፤ አካውንቱ አይነካም። ዳታ ማጥፋት ያንን አፕ እንደ አዲስ ያደርገዋል፤ ከዚያ አፕ ትወጣላችሁ፣ ፓስወርድ እንደገና ይጠይቃል። ሌላው አፕ ግን አይነካም። የሁለቱ ልዩነት የፓስወርድ ጉዳይ ስለሆነ መጀመሪያ ካሽ፣ እምቢ ሲል ዳታ ነው ቅደም ተከተሉ። ሮኩ ላይ እንዲህ ያለ ሜኑ የለም፤ አፑን አጥፍቶ፣ ዕቃውን አስነስቶ፣ መልሶ መጫን ነው ያለው።

ዕቃው በሙሉ ሲንቀረፈፍስ? ማስቀመጫውን ተመልከቱ። ክሮምካስት ዊዝ ጉግል ቲቪ የተባለው ለምሳሌ 8 ጊጋባይት ነው ይባላል እንጂ ለተጠቃሚው የሚተርፈው 4.4 ያህል ነው። አሥር አፕ ከተጫነበት ይሞላል፤ የሞላ ዕቃ ይጨነቃል። የማትከፍቷቸውን አፖች አጥፉ። ይህን አድርጋችሁ፣ ነቅላችሁ ሰክታችሁ፣ አሁንም ሪሞት ተጭናችሁ ምላሹ ዘግይቶ የሚመጣ ከሆነ ያን ጊዜ ሪሴት ተገቢ ነው።

ፋክተሪ ሪሴት፦ ሦስት በር

ሪሴት የሚገባበት በር ሦስት ነው፦ በሜኑ፣ በሪሞት፣ በዕቃው ላይ ባለ ቁልፍ። ሜኑው የሚከፈት ከሆነ ሁልጊዜ በሜኑ ይሁን፤ የምታደርጉትን እያነበባችሁ ነው የምታደርጉት።

ፋየር ቲቪ ላይ ሴቲንግስ፣ ማይ ፋየር ቲቪ፣ ከዚያ ሪሴት ቱ ፋክተሪ ዲፎልትስ ነው። በሪሞት ከሆነ የመመለሻውን ቁልፍና የክቡን ቀኝ ጎን አንድ ላይ 10 ሰከንድ መያዝ ነው። ጉግል ቲቪ ላይ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት፣ ፋክተሪ ሪሴት። የቆዩት አንድሮይድ ቲቪዎች ላይ ሲስተም በሚለው ፋንታ ዲቫይስ ፕሪፈረንስስ ይላል። ክሮምካስት ዊዝ ጉግል ቲቪ ጀርባው ላይ ቁልፍ አለው፤ ተጭናችሁ ስትይዙት መብራቱ ቢጫ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ነጭ ሆኖ ሲረጋ ትለቃላችሁ። ሮኩ ላይ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ፣ ፋክተሪ ሪሴት ነው፤ በስህተት እንዳይደረግ ስክሪኑ ላይ የሚያሳያችሁን ቁጥር መልሳችሁ እንድታስገቡ ይጠይቃል። የሪሴት ቁልፍ ያላቸው የሮኩ ዓይነቶችም አሉ፤ እሱን 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ መያዝ ነው።

ከፒያሳ የምንገዛቸው ርካሽ የአንድሮይድ ቦክሶች ቁልፋቸው አይታይም። ቦክሱን አዙራችሁ ክብ የሆነውን የኤቪ ቀዳዳ ፈልጉ። በብዙዎቹ ላይ ቁልፉ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ፣ ከጥልቁ ጫፍ ላይ ነው። ቀጭን የእንጨት ስንጥር ወይም የጥርስ መጎርጎሪያ አስገቡ፤ ጫፉ ሲነካ ለስለስ ያለ ነገር ይሰማችኋል፣ ገፋ ስታደርጉት ቀጭ ይላል። ቀጭ ካላለ ግድግዳውን ነው የነካችሁት፤ አንግሉን አስተካክሉ። መርፌና የብረት ፒን አታስገቡ፤ ኤሌክትሪክ ያለበት ቦታ ነው። ቁልፉን እንደተጫናችሁ ሌላ ሰው ቻርጀሩን ይሰካ፤ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ያዙ። ጥቁር ሜኑ ይመጣል፤ ዋይፕ ዳታ፣ ፋክተሪ ሪሴት የሚለውን ትመርጣላችሁ። እዚያ ገጽ ላይ ሪሞቱ አንዳንዴ አይሠራም፤ የዩኤስቢ ኪቦርድ አዘጋጁ። ከሪሴቱ በኋላ ቦክሱ በቻይንኛ ሊነሳ ስለሚችል የሴቲንጉን ገጾች አስቀድማችሁ በስልክ ፎቶ አንሷቸው፤ የምልክቶቹ ቅደም ተከተል አይቀየርም።

ከመጫናችሁ በፊት

ሪሞት። የእጅ ሪሞታችሁ ተሰብሮ በስልክ አፕ የምትጠቀሙ ከሆነ ሪሴት አታድርጉ። የስልኩ አፕ የሚሠራው ስቲኩና ስልኩ አንድ ዋይፋይ ላይ ሲሆኑ ነው። ሪሴት የዋይፋይ ፓስወርዱን ይጠርገዋል፤ ዋይፋይ እንዳትመርጡ ሪሞት የለም፣ የስልክ ሪሞት እንዳትጠቀሙ ዋይፋይ የለም። ምትክ ሪሞት ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ወይም ዘመድ ከውጭ እስኪልክ ዕቃው ይቀመጣል። የቴሌቪዥኑ ራሱ ሪሞት ስቲኩን የሚያዝ ከሆነ ግን ትተርፋላችሁ፤ አሁን ሞክሩት።

አካውንት። የማን እንደሆነ፣ ኢሜይሉ ምን እንደሆነ፣ ቁጥሩ ወደ የትኛው ስልክ እንደሚሄድ ጠይቁ። የሰውየው ሥራ የሌለበትን ሰዓት ምረጡ። እሁድ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ብትጀምሩ ዋሽንግተን ከጠዋቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ነው፤ እንደ ወቅቱ ይለያያል። ሰው ቤቱ ነው፣ ስልኩ እጁ ላይ ነው።

ዳታ። ጉግል ቲቪም ፋየር ቲቪም ከሪሴት በኋላ ሥራ ሳይጀምሩ እድሳት ሊያወርዱ ይችላሉ፤ ከዚያ አፖቹ በየተራ ይመጣሉ። ትንሽ ፓኬጅ ይዛችሁ አትጀምሩ። በዚህ ረገድ አፕል ቲቪ የተሻለ ምርጫ ይሰጣል። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪሴት ውስጥ ሁለት አማራጭ አለ፦ አንዱ ሪሴት ብቻ ነው፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። ሁለተኛው ሪሴት ኤንድ አፕዴት ነው፤ እሱ ከኢንተርኔት ያወርዳል። በስልክ ዳታ የሚኖር ሰው የመጀመሪያውን ይምረጥ።

የአካባቢው የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በኋላ አይተነዋል። በእነዚያ ወራት ቀድሞ የተዘጋጀ ቦክስ ቢያንስ ከፍላሽ ላይ ፊልም ያጫውት ነበር። በዚያ መሃል ሪሴት የተደረገ ስቲክ ግን አካውንት ሳይገባ ከመጀመሪያው ገጽ አያልፍም። ኔትወርኩ በሚወላውልበት ሳምንት ሪሴትን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ፍላሽ። ፍላሽ ዲስካችሁን ከቦክሱ ማስቀመጫ ጋር ያዋሃዳችሁት ከሆነ ሪሴት ሲደረግ ቁልፉ አብሮ ይጠፋል፤ ፍላሹ ላይ ያለው ከዚያ በኋላ አይነበብም። ሳይዋሃድ ተራ ሆኖ የተሰካ ፍላሽ አይነካም። ያም ሆኖ ከመጀመራችሁ በፊት ንቀሉት።

መብራት። ስቲኮች በ5 ቮልት ነው የሚሠሩት፤ ስለዚህ በፓወር ባንክ ማስኬድ ይቻላል። መብራት ሄዶ ቴሌቪዥኑ ቢጠፋ እንኳ ስቲኩ ሥራውን አያቋርጥም። ሰፈራችሁ መብራት የሚያስቸግረው ከሆነ ሪሴቱን በፓወር ባንክ አድርጉት።

ሁሉም ሰው «ሪሴት አድርገው» ሲል

በ2017 ዓ.ም. የካቲት 30 አካባቢ በዓለም ዙሪያ የሁለተኛው ትውልድ ክሮምካስቶች በአንድ ጊዜ መሥራት አቆሙ። ዕቃዎቹ የወጡት በፈረንጆቹ 2015 ነበር፤ ውስጣቸው ያለው የምስክር ወረቀት የ10 ዓመት ዕድሜው አልቆ ነው። የባለቤቶቹ የመጀመሪያ ሐሳብ ሪሴት ማድረግ ነበር። ጉግል ራሱ «ሪሴት አታድርጉ» ብሎ አስታወቀ። ዝም ብለው የጠበቁት በቀናት ውስጥ እድሳት ደረሳቸው። ሪሴት ያደረጉት ግን ስልካቸው ላይ ያለው የጉግል ሆም አፕ እስኪታደስላቸው ድረስ ዕቃውን መልሰው ማዘጋጀት አልቻሉም። የአዘዞው ቦክስና ይህ አንድ ዓይነት ሕመም ነበራቸው፦ ቀንና የምስክር ወረቀት አልተስማሙም። ትናንት ደህና የነበረ ዕቃ ዛሬ ያለ ምክንያት ከቆመ አንድ ሁለት ቀን ጠብቁ፤ ተመሳሳይ ዕቃ ያለውን ሰው ጠይቁ።

ፍላሽ ማድረግ፣ ቫይረስም

ፍላሽ ማድረግ ሲስተሙን ራሱን ከዩኤስቢ ወይም ከሜሞሪ ካርድ እንደ አዲስ መጫን ነው። ከአምስቱ መፍትሔዎች ሪሴት የማይደርስበትን የመጀመሪያውን ክፍል የሚነካ ይህ ብቻ ነው። ዕቃው ምልክቱን ብቻ እያሳየ ካልተነሳና የቀዳዳው ቁልፍም ካልሠራ የሚቀረው እሱ ነው። አደጋው ትልቅ ነው። ሪሴት መሃል ላይ መብራት ቢሄድ አንድሮይድ አብዛኛውን ጊዜ ሲነሳ ያቋረጠውን ይቀጥላል። ፍላሽ መሃል ላይ ቢሄድ ግን ቦክሱ ላይነሳ ይችላል። ፋይሉ ለዚያው ሞዴል፣ ለዚያው ቺፕ የተዘጋጀ መሆን አለበት፤ ከውጭ አንድ የሚመስሉ ሁለት ቦክሶች ውስጣቸው ይለያያል። ለዚህ ሥራ ሲለምደው የኖረ የጥገና ባለሙያ ጋ ውሰዱት።

ርካሽ ቦክስ ያላችሁ ይህን አንብቡልኝ። በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ አንድ ካናዳዊ የደህንነት ባለሙያ ቲ95 የተባለ ቦክስ ገዝቶ ከፋብሪካ ጀምሮ ቫይረስ ተጭኖበት አገኘው። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ የአሜሪካው ኤፍቢአይ ባድቦክስ 2.0 ስለተባለ እንዲህ ያለ የቫይረስ መረብ አስጠነቀቀ። በሐምሌ ጉግል ክስ ሲመሠርት የተበከሉት ዕቃዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ ናቸው አለ፤ የጉግል ማረጋገጫ የሌላቸው የአንድሮይድ ዕቃዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ቦክስ በቤታችሁ ኢንተርኔት ሌላ ሰው እንዲጠቀም በር ይከፍታል። ማንም ሳያይ ፓኬጃችሁ የሚያልቅ ከሆነ፣ ቦክሱን ሌሊት ነቅላችሁ አሳድሩትና ልዩነቱን ተመልከቱ። ልዩነት ካለ ሪሴት አያድነውም። እኔ እንዲህ ያለውን ቦክስ ከዋይፋይ አላቅቄ ከፍላሽ ፊልም ማጫወቻ ብቻ አደርገዋለሁ።

ስትሸጡና ስትሰጡ

እዚህ ላይ ውድድር የለም፤ ሪሴት ግዴታ ነው። ስቲኩን ቅዳሜ ገበያ ለሚሸጥ፣ ለእህቱ ልጅ ለሚሰጥ ሰው ከሪሴት በስተቀር ሌላው ሁሉ አይበቃም። ካሽ ያጠፋ ሰው አካውንቱን አብሮ ሸጧል፤ ገዢው የባለቤቱን የክፍያ ካርድ ሊነካ ይችላል። የተጠቀሙበትን ዕቃ የምትገዙም ሻጩ ፊት ሪሴት አስደርጉ፤ መጀመሪያው የቋንቋ መምረጫ ገጽ ላይ ሲደርስ ነው ገንዘብ የሚሰጠው። ዕቃው አስቀድሞ ከእጃችሁ ከወጣ የአካውንቱ ባለቤት ባለበት ሆኖ ከአካውንቱ ገጽ ላይ ዕቃውን ማስወጣት ይችላል፤ ለዚህ ዋሽንግተንም ሆነ ጎንደር መሆን ልዩነት የለውም።

የአክስቴ ስቲክ አሁን ደህና ነው። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ በፕላስተር የለጠፍሁት ወረቀት አለ። የሆትስፖቱ ስምና ፓስወርድ፣ የአካውንቱ ኢሜይል፣ ቁጥር የሚሄድበት ስልክ ባለቤት ስም ተጽፎበታል። ባለፈው ሳምንት ልጁ እንደገና ስልክ ቀየረ፤ ወረቀቱን አይቶ ስሙን ራሱ አስተካከለው።